ፍሬን የሚይዘው ጉልበት

አማረች የከተማ አውቶቡስ መንዳት የጀመረችው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት ነው። ከዚያ በፊት እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ስታጸዳ ኖራለች። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከመጡት ቤተሰቦች ናት፤ ያኔ ገና ልጅ ነበረች። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ ስትነሳ ባሏ ቢምረው ሳይቀር ስቆባታል። ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። ከዚያ ወዲህ ሽኩና ቫቭ ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ ወደ ታሃና መርካዚት፣ ወደ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ በሚሄደው መስመር መሪውን የምትይዘው እሷ ሆነች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሷ ኋላ ካለው ወንበር ካልተቀመጡ ደስ አይላቸውም። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ፣ የኛ ልጅ ናት የምትነዳው እያሉ ይናገራሉ።

ብርዱ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ቀኝ ጉልበቷ ተነፍቶ ሱሪዋ አላስገባው አለ። አልወደቀችም፣ ምንም አልመታትም። ሕመሙ ያን ያህል አልነበረም፤ ክፋቱ አልታጠፍም ማለቱ ነው። ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚረግጠው ቀኝ እግር ነው። አማረች ማንም ሳይጠይቃት ወደ ስምሪት ኃላፊው ወደ ኡሪኤል ሄዳ በማይታጠፍ እግር ሰው ጭና እንደማትነዳ ነገረችው። እቤት የዋለችው በራሷ ፈቃድ ነው፤ ቢሆንም የዚያን ቀን አልቅሳለች።

የቤተሰብ ሐኪሟ ወደ ጉልበት ሐኪም ላከቻት። እሱም ያበጠው ውስጥ ያለውን ውሃ በመርፌ ቀዳላት፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ሞላ። ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ ሞላ። ጉልበቷ ፎቶ ሲነሳ ውስጡ ትንሽ የተሰነጠቀ ነገር ታየ። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ነገራት፣ ቀንም ቆረጠላት። ደግሞ በጣም ይደክመኛል፣ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጊት አርፋለሁ ብትለው፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው አላት።

ልጇ ሊታል ጀርመን አገር ትማራለች። ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት አማረች ሄዳ ጠይቃት፣ አብራት ሰንብታ ተመልሳ ነበር። አሁን ስለ ቀዶ ጥገናው በስልክ ስትነግራት ሊታል፣ ጫካ ገብተን እንጆሪ የለቀምንበትን ቀን ታስታውሻለሽ ወይ ስትል በዕብራይስጥ ጠየቀቻት። አማረች አስታወሰች። ከጫካው ከተመለሱ ከቀናት በኋላ ከጉልበቷ በስተኋላ ቀይ ክብ ወጥቶባት እንደ ቀለበት እየሰፋ ሄዶ ነበር። የሙቀት ሽፍታ መስሏት ዝም አለችው፤ ጠፋም።

ሊታል ነገሩን አስረዳቻት። በዚያ አገር ጫካ ያለው መዥገር ሲነክስ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። በጊዜ ካልታከመ ከወራት በኋላ መገጣጠሚያ ላይ ይወጣል፤ የሚወደውም ጉልበትን ነው።

"ኢማ፣ ቢላዋ ሳይነካሽ ደምሽን ተመርመሪ" አለቻት እናቷን።

የጉልበት ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ላይም እዚህ በኔጌቭ በረሃ የለም አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ሌላ አገር ነበርሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። የቤተሰብ ሐኪሟ ግን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ደሟ ተላከ፤ የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ምርመራ ተደረገ። ላይም ነበር። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። እናቷ እማማ አልጋነሽ ይህን ሲሰሙ፣ መዥገር የከብት ብቻ ሳይሆን የሰውም ጠላት መሆኑን አላውቅም ነበር ብለው ተገረሙ።

ስሙ የታወቀ በሽታ ቀሎ ይታያል። አማረችም ከዚህ በኋላ የሚቀረው መዳን ብቻ መስሏት ነበር። የከበዳት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ማን ያክመኝ፣ እንዴትስ ልታከም የሚለው።

ለቢምረው በሚሠራበት ፋብሪካ ያለ ባልደረባው ስለ አንድ የግል ክሊኒክ ነገረው። ቴል አቪቭ አጠገብ ነው፤ ዶክተር ዖዝ የሚባል ሐኪም ከላይም ሌላ አያክምም። ባልና ሚስት አብረው ሄዱ። ዶክተር ዖዝ አማረችን እንደ እህት ተቀበላት። ስለ ድካሟ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሐዘኗ ሁሉ ጠየቃት፤ እያንዳንዱን ስትናገር አዎ፣ አውቀዋለሁ ይላታል። የተለመደ ነው ተብላ ለተሸኘች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንባዋ መጣ። ከዚያ ሕክምናውን ነገራት፤ በደም ሥር በኩል የሚንጠባጠብ መድኃኒት ዓመት ሙሉ፣ ከሱ ጋር ጠብታና የዕፅዋት ክኒን። በሽታው መላ ሰውነቷ ውስጥ ተደብቋል፣ ሌሎቹ ሐኪሞች ይህን አያውቁም አላት።

አማረች ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ጠየቀችው።

"መዳኔን በምን እናውቃለን?"

ይህ በሽታ መቼም ጨርሶ አይወጣም፤ ዋናው ነገር ሕክምናውን አለማቋረጥ ነው ሲል መለሰላት። ጉልበቷን ሳያየው ነበር የተለያዩት።

ሁለተኛዋ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ የላከቻት፣ በቤር ሼቫ ሆስፒታል የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ናት፤ ዶክተር ናአማ ትባላለች። ቀጠሮዋን ለማግኘት ብዙ ሳምንት ተጠበቀ፣ መጠበቂያ ክፍሉም ሰው የጠገበ ነበር። ናአማ ፈገግታ የምታበዛ ሴት አይደለችም። ግን መጀመሪያ ያደረገችው ጎንበስ ብላ ጉልበቷን በሁለት እጇ መያዝ ነው። እምቢ እስኪል አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ሥራዋን ጠየቀቻት፤ አውቶቡስ ነጂ መሆኗን ስትሰማ ፍሬኑ ጠንካራ ነው ወይስ ልል ብላ ደግማ ጠየቀች። ከዚያ አንድ ወር የሚዋጥ ክኒን፣ ጠዋትና ማታ፣ አዘዘችላት። አማረች ያንኑ ጥያቄ ለሷም አቀረበችላት።

"ጉልበትሽ ይነግረናል። እብጠቱ ክኒኑ ሲያልቅ ወዲያው አይሟሽሽም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። እምቢ ካለ አንድ ዙር እንደግማለን። ያም ካልሠራ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ መድኃኒቱን አላስረዝምብሽም፣ ወደ መገጣጠሚያ ሐኪም ይዤሽ እሄዳለሁ" አለቻት ናአማ።

እቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ቢምረው ለእንዲህ ያለ በሽታ ክኒን ብቻ መዋጥ ቀልድ መሰለው። እማማ አልጋነሽም ከሱ ወገን ሆኑ፤ መርፌ ያልገባበት ሕመም ሥሩ አይነቀልም ባይ ናቸው። ዶክተር ዖዝ እንዴት እንዳከበራት፣ ናአማ እንዴት ፊቷን እንዳልፈታችላት ተነሳ። አማረች ራሷም ልቧ ወደ ዖዝ ያደላ ነበር፤ ያመናት እሱ ነውና። ሁለት ቀን ሳትወስን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ የተመለሰውን ባሏን አስቀምጣ ውሳኔዋን ነገረችው።

"ዶክተር ዖዝ እኔን አምኖኛል፤ አመሰግነዋለሁ። ግን እንዳይሳሳት አድርጎ ነው የነገረኝ። ብድን መድኃኒቱ ነው፣ ባልድን አልጨረስኩም ነው። ናአማ ግን ብትሳሳት በምን እንደምንደርስባት ነግራኛለች። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ፍሬን የሌለው መኪና ላይ አልወጣም።"

ቢምረው እሺ አለ፤ የእሺታው ድምፅ ግን ልቡ እንዳልገባበት ያስታውቅ ነበር።

ክኒኑ ቀላል አልነበረም። ሆዷን አገላበጠው። ፀሐይ አይንካሽ ተብላለች፤ የቤር ሼቫ ፀሐይ ደግሞ ሰውን ፈልጎ ነው የሚያገኘው። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ፣ ጥላ ጥላውን እየተከተለች ገበያ ስትሄድ ጎረቤቶቿ ምን ሆነች ይሉ ነበር። ወሩ አለቀ፤ ጉልበቷ ግን እንዳበጠ ነው። ከግል ክሊኒኩም ደውለው ቦታ እንደያዙላት ነገሯት። አማረች ስልኩን ይዛ ብዙ አሰበች። ናአማ ወራት ሊወስድ ይችላል ያለችውን አስታወሰች። አመስግና ዘጋች።

እብጠቱ የሄደው ሳይሰናበት ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር ለካ ጉልበቷ ታጥፏል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ደግማ አጠፈችው። እናቷን ተጣራች። እማማ አልጋነሽ መጥተው ጉልበቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና እልል አሉ፤ ጎረቤት በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ። ድካሙም ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሁለተኛ ዙር ክኒን አላስፈለገም። ናአማ በቀጠሮዋ ጉልበቱን አገላብጣ ካየች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ በይ ወደ አውቶቡስሽ አለቻት።

የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም መርምሮ ካሳለፋት በኋላ ኡሪኤል አሳቢ ሆኖ አጭሩን፣ ማቆሚያ የማይበዛበትን መስመር ሊሰጣት ፈለገ። አማረች እምቢ አለች። ማቆሚያ የሚበዛበትን፣ በሽኩና ኣሌፍ ዞሮ በገበያው የሚያልፈውን ስጠኝ አለችው። ሰጣት።

በየማቆሚያው ፍሬኑን ረገጠች፤ ጉልበቷ ታጠፈ፣ ተዘረጋ። ገበያው ጋ አንድ የአትክልት ጋሪ ድንገት መንገድ ገባ፤ አማረች ረገጠች፣ ያ ትልቅ አውቶቡስ ቀጥ አለ። የቆመ ተሳፋሪ እንኳ አልተንገዳገደም። ከኋላዋ የተቀመጡ አንድ አባባ፣ ተባረኪ ልጄ አሉ። ማን እንደሆነች፣ ከምን እንደዳነች አያውቁም። አማረች በመስታወቱ አየቻቸውና አሜን አባባ አለች፤ ጋሪው እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ነዳጁን ረግጣ ጉዞዋን ቀጠለች።