ጣሪያውን ሊያዩ የመጡት ሴት

ሰቆጣ፣ አሮጌው የትያትር አዳራሽ ውስጥ፣ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ጥቁር የለበሱ ሴት ብቻቸውን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጫማቸው የሩቁን የደሃና ወረዳ መንገድ አቧራ እንደ ያዘ ነበር። ትያትሩ ተጀምሮ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እሳቸው አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጉትን የጥድ ወራጆች፣ የድንጋዩን ዓምድ፣ የበሩን ቅስት ያያሉ።

«እናቴ፣ መድረኩ አልታይ አለዎት?» አልኳቸው።

«ይታየኛል ልጄ። የመጣሁት ግን ቤቱን ለማየት ነው» አሉኝ። «ሙሽሮች ሳለን ባለቤቴ እዚህ አምጥቶኝ፣ ትያትሩን ትቶ ጣሪያውን ሲያሳየኝ አመሸ። በጦርነቱ ጊዜ ፈርሷል ብለውን ነበር። እሱም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይኼንኑ አምኖ አረፈ።»

ስንት ጊዜ የገባሁበትን አዳራሽ ያን ምሽት ገና ቀና ብዬ አየሁት። ወራጆቹ መብራቱን ተቀብለው እንደ ማር ቀልተዋል። ማን አንሥቶ እዚያ እንዳደረሳቸው እንጃ።

ትያትሩ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ሴትዮዋ ወደ ዓምዱ ሄደው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለሙት።

«ነገ በመቃብሩ በኩል ነው የማልፈው» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቆሟል እለዋለሁ።»