ያልተነቀለው ፍላሽ

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መካኒክ ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸውም ካረፉ ዓመት አልፏል። አፋቸው ክፉ ነው፤ ሰላም ሲሉ እንኳ የተቆጡ ይመስላሉ። እኔ ግን ግድግዳ ስለምንጋራ ብቻቸውን ሲያወሩ እሰማለሁ፣ አንጀቴንም ይበሉታል።

ባለቤታቸው ጸሐፊ ነበሩ። ጋሽ መካኒክ ጠዋት ጠዋት የሚስታቸውን ላፕቶፕ ይከፍታሉ። ስክሪኑ የሴትየዋን ስም ጠርቶ እንኳን ደህና መጡ ይላል። ይቺን አይተው ይዘጉታል። ሌላ ሥራ የላቸውም።

ሰሞኑን ላፕቶፑ ለመነሳት ዘመን ይፈጅ ጀመር፤ ውስጡም ቀጭ ቀጭ ይላል። ሩቅ ከተማ ያለው ልጃቸው «ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው» ብሎ አዲስ ላከላቸው፤ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽም አብሮ። ፎቶውን ሁሉ ቀድሞ ገልብጦታል። ያልተገለበጠው ስክሪኑ የሚጠራው ያ ስም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለልጅ ምን ብለው ይንገሩት?

ዲስኩን መቀየር ለሳቸው የመኪና ባትሪ እንደ መቀየር ነበር። በትንሿ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈቱ፣ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን ገጠሙ። ጣጣው ፍላሹን ሰክተው ዊንዶውሱን መጫን ሲጀምሩ መጣ። ጭነቱ መቶ በመቶ ይደርሳል፣ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳል፣ እንደገና «ቋንቋ ይምረጡ» ይላል። ዞሮ ዞሮ ከቤት! ልጃቸው ስልክ አላነሳ ሲላቸው ግድግዳዬን ደበደቡ።

ሄጄ ገና ላፕቶፑን ሳየው ገባኝ።

«ጋሼ፣ ፍላሹ እኮ እንደተሰካ ነው! ሁልጊዜ ከሱ ላይ እየጀመረ ነው።»

«መሰካቱንማ አያለሁ፤ ዓይን የለኝም እንዴ?»

«ታዲያ ይንቀሉታ!»

«ፍላሽ ዝም ተብሎ አይነቀልም። አንዴ ነቅዬባት ሙሉ ቀን የጻፈችው ጠፋ። ሁለተኛ እንዳትነካው አለችኝ።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። ላፕቶፑ ሲጠፋ ጠብቀው ቢነቅሉት ምንም እንደማይሆን አስረዳኋቸው። እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

«አንቺ ንቀይው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ነቀልኩት። አሁን አለፈ። ትንሽ ቆይቶ የሚጠቀምበትን ሰው ስም ጠየቀ። የጋሼን ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። ከዚያ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዷን ፊደል እየፈለጉ፣ የሚስታቸውን ስም ጻፉ።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ በራ። የሴትየዋን ስም ጠርቶ እንኳን ደህና መጡ አለ።

ጋሽ መካኒክ ወንበራቸውን ወደ ስሟ ጠጋ አደረጉ።

«እኔ አይደለሁም የነቀልኩት» አሏት።