ማሾ በጥርሳቸው የፈተኑልን እትዬ ዘሐራ

እትዬ ዘሐራ አርፈዋል። ያልሰማችሁ ስሙ። ያረፉት ከሁለት ሳምንት በፊት ዓርብ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው፣ ደብረ ሲናን ሳናልፍ መኪና ውስጥ ነው። በዚያው ዕለት መልሰናቸው ሸዋ ሮቢት ተቀብረዋል። ሰው ሲጠይቅ «ድንገት ነው» እየተባለ ይነገራል። እኔ ይህን ቃል መስማት አልፈልግም። ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሁላችንም እዚያው ነበርን።

ማንም ኋላ «እኔ አልነበርኩም» እንዳይል የነበርነውን ልጻፍ። ባለመጋዘኑ ነበር። ማሾ ሊጭን የመጣው ገዥና ሾፌሩ ነበሩ። አራት ጫኞች ነበሩ። ዘበኛው ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ነበሩ። ከድጃ፣ ሙሉ፣ ጦይባና ሌሎቹ ለቃሚዎች ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። የእትዬ ዘሐራ ታናሽ ወንድም እንድሪስም ነበረ። ከዚህ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሱን ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢያንስ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ መጋዘን ማሾ ስለቅም ስለኖርኩ ዝም ብዬ መቅረት አልቻልኩም። ደግሞም እንድሪስ አሁን በእህቱ ቦታ ገብቶ ማሾ እየነከሰ ነው፣ ጉንጩም እንደ እሳቸው በቀኝ በኩል አብጧል። አንድ ሰው ቀብረናል። ሁለተኛ መቅበር አልፈልግም።

ለማያውቅ ሰው ሥራቸውን ላስረዳ። ማሾ ከመጫኑ በፊት መድረቁ መታወቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ መንገድ ላይ ይሻግታል። ስለዚህ ከየጆንያው ጥቂት ፍሬ ይወጣና በጥርስ ይሰበራል። ቀጭ ብሎ ለሁለት ከተከፈለ ደርቋል ማለት ነው፤ ጥርስ ሥር ከላላ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ከጀውሃ እስከ አጣዬ ያለ ነጋዴ የእትዬ ዘሐራን ጥርስ ያምን ነበር። «ዘሐራ ነክሳዋለች?» ይላሉ፤ «አዎ» ከተባለ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቢሮው ውስጥ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። አቧራውን እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጠርጌዋለሁ! አንድም ቀን ግን ሲከፈት አላየሁም።

እትዬ ዘሐራ ስለ ጤናቸው ማሰብ የጀመሩት አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ነው። እግራቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጥታ አልድን አለች። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስኳር አለብዎ ተባሉ። ድዳቸውም ለዓመታት ሲደማ «የሥራ ነው» ብለው ትተውት ነበር። ሐኪሙ ድዱ ካልዳነ ስኳሩ በቀላሉ እንደማይወርድ፣ ስኳሩ ካልወረደም ድዱ እንደማይድን ነገራቸው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጡ የነበሩት ሴት ያለ ስኳር መጠጣት ለመዱ። ሙቀቱ ሳይነሣ በየጠዋቱ እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ጠዋት በመፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት በብሩሽና በጥርስ ሳሙና ጥርሳቸውን ያጸዳሉ፤ ማሾ ነክሰው ሲጨርሱ ደግሞ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ።

እኛ ምን አደረግን? ሳቅን።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ጥርስ መቦረሽ ምንድን ነው? ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለች አንድ ቀን ሙሉ።

«ያገባሁ ዕለት አንቺን ሚዜ አላደርግሽም» አሉ እሳቸው፣ ውኃውን ተፍተው። «አፍሽ ይሸታል።»

መጋዘኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሙሉ ለሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን ብሩሽ ገዝታ መጣች። እትዬ ዘሐራ እንዲህ ነበሩ። ምክራቸው ይቆነጥጣል፤ የቆነጠጡትን ሰው ግን ጥለው አይሄዱም።

ምሳ ሰዓት ላይ በስልካቸው መብራት አፋችንን ያዩ ነበር። «ነይ አንቺ፣ ክፈቺ። ያ ረቢ! ይሄ አፍ ነው ወይስ የተዘጋ ሱቅ?» ይላሉ። አንዴ ጦይባ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል? አርባ አልፎን» ብትላቸው ቁጭ አሉና እንዲህ አሉ፦ «ልጅ ሳለሁ እናቴ አፌን ታጥብልኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ማንም አላጠበልኝም፣ እኔም አላጠብኩት። አርባ ዓመት ያለ እናት የኖረ አፍ ነው። አሁን እኔ እናቱ ልሁንለት።» ያን ዕለት የሳቀ ሰው የለም።

እኔ ራሴ የላይኛው መንጋጋዬ ለወራት ሲያመኝ በነጭ ሽንኩርት ይዤው እኖር ነበር። የላይኛው ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል ብላ እናቴ ስላሳደገችኝ፣ ልጆቼን ሳላሳድግ ዓይነ ስውር ብሆንስ እያልኩ እፈራ ነበር። እትዬ ዘሐራ ይህን ሲሰሙ ነጠላዬን ይዘው ጎተቱኝ። «ዓይንሽ ከጥርስሽ ጋር ምን ዝምድና አለው? ለየብቻ የተፈጠሩ ናቸው፤ ነይ እንሂድ» አሉኝ። የሥራ ቀናቸውን ትተው ከእኔ ጋር ተሰለፉ። መርፌውን ሳየው ተነሥቼ ልሮጥ ስል ጉልበቴ ላይ በእጃቸው ተጫኑና ለሐኪሙ «ጀምር ልጄ፣ እኔ ይዣታለሁ» አሉት። ጥርሴ ተነቅሎ ከሐኪም ቤት ስንወጣ አንዱን ዓይኔን አስጨፍነው በሌላው የሱቅ ጽሑፍ አስነበቡኝ፤ ከዚያም ሌላውን። «አየሽ? ሁለቱም ቤታቸው ናቸው» ብለው ሳቁብኝ። ዛሬ ልጄ ሰላም ሳትቦርሽ የማትተኛው በእሳቸው ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ። የቀኝ መንጋጋቸው ከተበሳ ቆይቷል። ደብረ ብርሃን ያየው ሐኪም መጀመሪያ ስኳሩ ይውረድ ብሎ ሦስት ወር አቆይቷቸዋል። እሳቸውም ሦስት ወር ሙሉ በግራ ብቻ እየነከሱ፣ እየተራመዱ፣ አፋቸውን ከጣፋጭ ከልክለው አወረዱት። ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት አንደኛ እንደወጣች ተማሪ ለእያንዳንዳችን አሳይተውናል። ጥርሱ የሚነቀልበት ቀጠሮ ያን ማክሰኞ ነበር። ወደ መጋዘን የመጡት የመጋዘኑን ቁልፍ ለእንድሪስ ሰጥተው ወደ መኪና ሊሄዱ ነው። ነጭ ሻሻቸውን አስረው የሐኪም ካርዳቸውን በፌስታል ይዘዋል። የገዥው መኪና ግን በር ላይ ቆሟል።

«ዘሐራ፣ ይህችን ብቻ ነክሰሽልን ሂጂ» አለ ባለመጋዘኑ።

«ቀጠሮ አለኝ። መሣሪያው አለ አይደል? አውጡት።»

ገዥው ሳቀ። «መሣሪያ ይሳሳታል እናቴ። የእርስዎ ጥርስ ሲሳሳት ግን አልሰማሁም።»

«ጥርሴ ታሟል እኮ ነው የምልህ! እንድሪስ ይንከስ፤ አስተምሬዋለሁ።»

«እሱን አላውቀውም» አለ ገዥው።

እንግዲህ እኛ ለቃሚዎቹ የምናውቀው ነገር አለ። ማሾው ካልተፈተነ አይጫንም፤ ካልተጫነ ጆንያው ሁሉ ይፈታና እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እኛም እስከ ምሽት እንቆያለን። ሰላም ትኩሳት ይዟት ጎረቤት ትቻት ነበር የመጣሁት። ልቤ እሷ ዘንድ ነው። አፌን ከፍቼ «እትዬ፣ ዛሬን ብቻ። ነገ ይሄዳሉ» አልኩ። እኔ ካልኩ በኋላ ሁሉም አለ። ከድጃም፣ ጫኞቹም፣ ጋሽ ተክሌም ከበሩ ሆነው፣ እንድሪስም። ሁላችንም ለመንናቸው።

እትዬ ዘሐራ ዞረው አዩኝ። «አንቺም?» አሉኝ።

ከዚያ ፌስታላቸውን ጆንያ ላይ አስቀመጡ።

ሁለት መቶ ጆንያ ነው። ከእያንዳንዱ ሦስት አራት ፍሬ። እስከ ምሳ በግራ ነከሱ። ከምሳ በኋላ ግራው ደከመ መሰለኝ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት አይቻለሁ፣ አይቼም ዝም ብያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ሰማን፤ የማሾ ድምፅ አይደለም። ለቃሚዎቹ ያላየናት ጠጠር ነበረች። ከማን እጅ እንዳመለጠች አይታወቅም፣ የእኔም ልትሆን ትችላለች። ደም ከግማሽ ጥርስ ጋር እጃቸው ላይ ተፉ። ባለመጋዘኑ ውኃ አስመጣላቸውና «ስንት ቀረ?» አለ። እሳቸው ምን ያህል እንዳመማቸው አልጠየቀም፣ የጠየቀው ስንት ጆንያ እንደቀረ ነው! ተጉመጠመጡና ጨረሱለት። ገዥው «ጎበዝ እናት» ብሎ መኪናው ላይ ወጣ። እኔ በጊዜ ቤቴ ገባሁ። የልጄ ትኩሳት ለቋት ስትጫወት አገኘኋት።

ረቡዕ ፊታቸው አበጠ። ልጠይቃቸው ስሄድ ጨው ይያዙበት ብዬ መከርኳቸው፤ አያችሁ አይደል አፌን፣ ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ተምሬ የማውቀው ጨው ነው። እንድሪስ የእምቧይ ፍሬ ከሰል ላይ አጭሶ «ትሉን ያወጣዋል» ብሎ አፋቸውን ከፍተው ጭሱን እንዲስቡ አደረገ። «ትል የለም እንድሪስ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» ይሉ ነበር። መኪና ነገ ይገኛል አልናቸው። ሐሙስ እብጠቱ አንገታቸው ላይ ወረደ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥነው። እዚሁ ከተማ ወሰድናቸው፣ ወዲያው ሪፈር ተጻፈላቸው፣ ዓርብ ሲነጋጋ ወጣን። የሆነውን መጀመሪያ ነግሬያችኋለሁ።

በለቅሶው ላይ ሁሉም «ቀኗ ነው፣ የአላህ ቀጠሮ ነው» ይላል። እሳቸው በሕይወት ቢሰሙት ይቆጡ ነበር። «ቀኑን የሚያውቀው አላህ ነው፤ አፌን ማጠብ ግን ለእኔ የተተወ ሥራ ነው» ብለው ያውቃሉ። የሐኪሙ ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር። እሱን ያስቀረነው እኛ ነን። የራሳችንን ሥራ አላህ ላይ መጫን ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ እንድሪስን ሳየው ጉንጩ አብጧል።

«እንድሪስ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጫት ነው።»

«ጫት የምትይዘው በግራ ነው። ያበጠው ቀኙ ነው።»

«ወላሂ፣ አፍ መፈተሽም ይወረሳል እንዴ?» አለና ሰዉን አሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁለት ተቆጣ። «ደግሞ ጥርስ ሰው ሲገድል የት አየሽ?» አለኝ። በእህቱ ለቅሶ፣ የእህቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ! እህቱ ስኳርህን ተለካ እያሉ ሦስት ዓመት ለምነውታል፤ አንድ ቀን አልተለካም። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያው ሳምንት ባለመጋዘኑ ያን ዕለት «አላውቀውም» ላለው፣ አሁን ግን «አውቀዋለሁ» ለሚለው ገዥ አጣዬ ሄዶ ማሾ እንዲነክስ ላከው። መሣሪያው አሁንም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰኞ ካርቶኑን አውጥቼ ባለመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ «ማን ንኪ አለሽ?» አለኝ። «እትዬ ዘሐራ» አልኩት። መልሶ አላነሣውም፣ አልከፈተውምም።

እትዬ ዘሐራ፣ አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ጀነት ይስጥዎ። እኔ የምጸልየው በሌላ ቤት ቢሆንም በሚያውቁት ቃል ልለምንልዎ ብዬ ነው። ተቆጥቼ ነው የምሰናበትዎ፣ ይፍቀዱልኝ። በራሴ ተቆጥቻለሁ። በእርስዎም ትንሽ ተቆጥቻለሁ፤ እምቢ ማለትን ለሁላችን አስተምረው ለራስዎ አንድ ማክሰኞ ስላጡት። «አንቺም?» ላሉኝ መልሴ ይኸው ነው፦ አዎ፣ እኔም። ይህን በአደባባይ ጽፌዋለሁ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።

እንድሪስ አጣዬ ከሄደ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ስልኩ አይሠራም። ረጅም፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ሽርጥ የሚያገለድም ሰው ነው። አጣዬ ማሾ መጋዘኖች ውስጥ ወይም ጀውሃ መኪኖች የሚቆሙበት ምግብ ቤት ያያችሁት ካላችሁ፣ እብጠቱ አንገቱ ላይ መውረዱን እዩ፣ ምግብ ይዋጥለት እንደሆነም ጠይቁት። ያለበትን ለሚስቱ ለፋጡማ ወይም ሸዋ ሮቢት መጋዘኑ በር ላይ ለጋሽ ተክሌ ንገሩልን፤ መጥተን እንወስደዋለን።