ክዳኑ ቀጭ እስኪል

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በባልደረባዬ ላይ ግን ሁለቱንም አይተናል። እኔ ሰዓት እጠግናለሁ፤ እሱ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ለሰብሳቢዎች የሳንቲም ዋጋ ይገምታል። «አፈ ጉባኤ» ነው የምንለው። ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ እያወራ መስኮት ይከፍታል፣ እያወራ መልሶ ይዘጋዋል፣ ያደክመኛል።

ዝም የሚለው ፕሩፍ ሲያይ ብቻ ነው። ፕሩፍ ለመገበያያ ሳይሆን ለሰብሳቢ የሚመታ፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ሳንቲም ነው። የምራቅ ፍንጣሪ ካረፈበት ነጥቡ አይለቅም፤ ዋጋው ገደል ይገባል። ስለዚህ የሳንቲሙ ማስቀመጫ የላስቲክ ክዳን ከተነሳ ጀምሮ ቀጭ ብሎ እስኪገጥም ድረስ በክፍላችን ማንም አይናገርም። እረፍት ሲያምረኝ «እስቲ ያቺን ፕሩፍ እያት» እለዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ እህቱ መጡ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰኞ ለቀዶ ሕክምና ተቀጥረዋል። በዳበሳ ከቦርሳቸው አንድ የብር ፕሩፍ አወጡ። በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛላቸው ነው። ያኔ፣ «እታለም፣ ደህና አድርገሽ አስቀምጫት፤ አንድ ቀን ቤት ትገዛልሻለች» ብሏቸው ነበር።

«ቤቱ ይቅርብኝ» አሉ እየሳቁ። «ዓይኔን ትግዛልኝ።»

ክዳኑን አነሳ። ያቺ ሳንቲም እንደ አሸዋ በዝታ የተመታች ናት፤ ከብሯ ክብደት በላይ እንደማታወጣ እኔ ሰዓት ጠጋኙ እንኳ አውቃለሁ። እሱ ግን ጠርዟን ይዞ ከመስኮቱ ወደ መብራቱ፣ ከመብራቱ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። የሚያየው ነገር አልነበረም። ክዳኑ እስካልተገጠመ ድረስ መናገር የለበትማ!

እህቱ ደንቡን ያውቃሉ። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እርምጃው አዙረው ጠበቁ። አንጀቴን በሉት።

በመጨረሻ ምራቃቸው እንዳይነካት ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አድርገው፣ «ክደናትና ንገረኝ» አሉ።

ሊገጥም ክዳኑን አነሳው። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሳንቲሟን አፉ ሥር እንደያዘ፣ «እታለም…» አለ፤ ትንፋሹ አደበዘዛት።

እህቱ መሐረባቸውን አጣጠፉ።

«ቀጭ አላለማ» አሉ። «ገባኝ፤ በል አሁን ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።