ሰውን ከሩቅ የማይጠሩ አለቃ

ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ማክሰኞ። ወይስ ረቡዕ? ዘጠኜ ይህን ነገር ባነሳ ቁጥር ሚስቱ ከአፉ ትቀማዋለች።

«ኧረ እባክህ! ማክሰኞ ቢሆን እኔ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ጎረቤቴ እየሮጠች መጥታ ‹የባልሽን ጣት መጋዝ በላው› ስትለኝ ልብስ እያሰጣሁ ነው። ልብስ የማጥበው ደግሞ ረቡዕ ነው።»

«እሺ፣ ረቡዕ ይሁን። ዘጠኝ መሆኑን ግን አትከራከሪኝም።»

«አሥር ነው! አንተ ዘጠኝ የምትለው ጣቶችህን ቆጥረህ ነው።»

ይስቃሉ። አሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ይሳቅበታል። ቀኑ ይምታታበት እንጂ የሆነውን ነገር ዘጠኜ ረስቶት አያውቅም።

የሚሠራው በርና መስኮት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ በሚወጣበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። በአንዱ ጫፍ ትልቁ መጋዝ፣ መካከል ላይ መላጊያው፣ በሌላው ጫፍ መስኮቱ ሥር የቫርኒሽ ጠረጴዛው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አርባ እርምጃ ነው። ማሽኖቹ ሲነሡ ሰጋቱራው ቅንድብ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውም ጆሮው ሥር ካልተነገረው አይሰማም። ስለዚህ ሁሉም ይጮኻል። አለቃው ግን ከሁሉም በላይ ይጮኹ ነበር። ማሽኑ ጠፍቶም እሳቸው አይጠፉም። ሠራተኛው «መብረቅ» ይላቸው ነበር፤ በሌሉበት፣ ያውም በሹክሹክታ።

ያን ቀን ዘጠኜ መጋዙ ላይ ነበር። ጠዋት ነው። አንድ አዲስ ሾፌር እንጨት የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ ግቢ ሲገባ የክምሩን ጥግ ገጭቶ ናደው። ዘጠኜ ሊስቅ ዞር አለ። እጁ ከጣውላው ጋር መንገዱን ቀጠለ። ወዲያው የአለቃው «አንተ!» የሚል ጩኸት አዳራሹን ሰነጠቀው፤ ቀጥሎ የግራ እጁ ሌባ ጣት የለም።

ዞር ማለቱ ቀደመ፣ ጩኸቱ ተከተለ። ከሠራተኛው ይህን ያየ አልነበረም፤ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው እየሠሩ ነበርና። እነሱ የሰሙት ጩኸቱን ነው፤ ሲዞሩ ያዩት ደሙን። ነገሩን ራሳቸው ገጣጠሙት።

«አለቃ ጮኸውበት ነው» አለ አንዱ።

ሁሉም ደም የሚፈስሰውን ሰው ትተው አለቃውን አዩ። አለቃው ክንዳቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ቀሩ። ዘጠኜ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ «ኧረ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። መኪና ሲያይ ጣቱን ያስበላ ሞኝ መባል አልፈለገም። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መብረቁ አንድ ቀን እንኳ ራሱ ሲመታ ማየት ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ አለቃው ሆስፒታል መጡ። አልጋው አጠገብ በርከክ ብለው «ይቅር በለኝ» አሉት። ዘጠኜ ወደ ግድግዳው እያየ «እግዜር ይፍታዎት» አላቸው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሚፈራቸው ሰው ሲንበረከኩለት ጣቱ ካመመው በላይ ሌላ ነገር አመመው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ያቺ ነገ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀች።

ሚስቱ በዚያው ሳምንት ፋሻውን ስትቀይርለት ቀለደች፦ «ሌባው ተቆረጠ፤ ከእንግዲህ ቤታችን ምንም አይጠፋም።» ያን ጊዜ እውነቱን ለሷ ብቻ ነገራት። ቀልዷን አቋረጠች። «ንገራቸው» አለች። «ሰውየው ያንተን ጣት ተሸክመው ሊኖሩ ነው።»

ወደ ሥራ ሲመለስ ከመጋዙ አንሥተው ቫርኒሽ ላይ አስቀመጡት፤ «ዘጠኜ» የተባለውም ያኔ ነው። ያገኛቸው አለቃ ግን የሚያውቃቸው አለቃ አልነበሩም። አይጮኹም። ለአንድ ሰው የሚናገሩት ሲኖራቸው ከቆሙበት ይነሡና ይሄዱለታል፤ በጀርባው አይደለም፣ ዞረው በፊቱ በኩል። ጣውላው ተሰንጥቆ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በቀስታ ይናገራሉ። ንስሐ እንደገቡ ተወርቷል፤ ሠራተኛው ግን ከሁለት ቀን በላይ ይቆያል አላለም።

«ቄሱ ምን ሰጧቸው? ጸሎት ነው ስፖርት?»

«ምላሳቸውን ወስደው እግር ጨመሩላቸው።»

«ተዋቸው፤ ጫማቸው ሲያልቅ መብረቁ ይመለሳል።»

የመላጊያው ሽማግሌ ግን ፊት ለፊት ተናጋሪ ነበር። አንድ ቀን ሁሉ እየሰማ «አለቃ፣ ወንድ ልጅ ድምፅ ከሌለው ምን ቀረው?» አላቸው።

አለቃው መላጊያው ድረስ ሄዱ። «እግር ቀረው» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሽማግሌውም ሳቀ።

ነገሩ የገባው ለዘጠኜ ነው፤ በዓመቱ ገደማ። አለቃው የቫርኒሹ ጠረጴዛ ዘንድ መጥተው የቁም ሣጥን በር በብርጭቆ ወረቀት አብረውት እየፈተጉ ነገሩት። ከአደጋው በኋላ ንስሐ ሊገቡ ሄዱ። ቄሱ ብዙ አልገሠጿቸውም፤ «አርባ ቀን፣ እጅህን ዘርግተህ ከማትደርስበት ሰው ጋር አትነጋገር» ብቻ አሏቸው። አርባው ቀን ሲያልቅ ሊያቆሙ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«አርባ እርምጃ ሄዶ ስድብ ማድረስ ይከብዳል፤ መንገድ ላይ ይፈስሳል» አሉት። «ከመጋዙ ዘንድ ‹ደደብ› ልል ተነሥቼ፣ እዚህ ስደርስ ‹ልጆቹ ደህና ናቸው?› ብዬ አርፋለሁ።»

ስለ ቤታቸውም ነገሩት፤ አባታቸው ሲያስሉ ድመቷ ሳትቀር አልጋ ሥር የምትገባላቸው ሰው ነበሩ። እሳቸውም ወንድነት ይኸው ነው ብለው አደጉ፦ ቤት ሲገቡ ቤቱ ዝም ካለ ተከብረሃል። አንዲት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ የበሩ ቁልፍ ሲዞር በጓሮ መውጣት ተማረች።

«አሁንስ?» አለ ዘጠኜ።

«አሁንም የምትወጣበት ቀን አለ» አሉ አለቃው። «የምትቀመጥበትም ቀን አለ። ባለፈው እሑድ አጠገቤ ሆና ጥፍሯን ስትቆርጥ ቆየች። ምንም አላወራንም። እንደዚያ ያለ እሑድ አይቼ አላውቅም።» ፍተጋቸውን ቀጠሉ። «ጌታም እኮ ከሰማይ ሆኖ መጥራት አቅቶት አልነበረም። ወርዶ ነው የመጣው፤ ያውም አናጺ ቤት። እሱ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ እኔ ከመጋዝ እስከ ቫርኒሽ ደከመኝ ብል አላፍርም?»

ዘጠኜ ያን ጊዜ ሊነግራቸው ይችል ነበር። ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሌላ ፍርሃት መጣበት፦ ሰውየውን ሰው ያደረጋቸው ያ ጩኸት ከሆነ፣ ጩኸቱ ጣት አልቆረጠም ብሎ ቢነግራቸው መብረቁ ቢመለስስ? ልጅቱስ ጥፍሯን የት ትቆርጣለች? ፍተጋውን ቀጠለ።

ዓመታቱም እንዲህ ሄዱ፤ ክፉ ዓመታት አልነበሩም። አለቃው አንዴ ረስተው አንድ ተሸካሚ ላይ ጮኹበት፤ ሁሉም ባለበት ይቅርታ ጠይቀው አርባውን ቀን እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሠራተኛው ሳያስበው ልማዱን ወረሰ። ዘጠኜም ቤቱ ይዞት ገባ። ከሳሎን ሆኖ «አንቺ፣ ጨው!» ማለት ትቶ ወጥ ቤት ድረስ ይሄዳል። ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሽንኩርት ይልጣል፣ ድስት ያወርዳል። ሚስቱ መጀመሪያ ጠርጥራ ነበር።

«ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምንም።»

«ሰው ያለ ጥፋት ሽንኩርት አይልጥም።»

ኋላ ለመደችው። እንዲያውም አምስት ደቂቃ ሲዘገይ እሷ ራሷ ሳሎን መጥታ ታየዋለች።

ባለፈው ወር አለቃው ጡረታ ሊወጡ መሆኑን ተናገሩ። ልጅቱ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ እሷ ዘንድ ሊኖሩ ነው። እሷ ነች ኑ ያለቻቸው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ሆነ።

«ንገራቸው ስልህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች ሚስቱ።

«ብነግራቸው ያ ሁሉ ድካማቸው በውሸት ላይ የተሠራ ሊመስላቸው ነው። እኔ ዝም ባልል ኖሮ እኮ—»

«እንዴ! ለሰውየው ጽድቅ የሰጠሃቸው አንተ ነህ?» አለችው። «በል ተነሥ፣ ሸሚዝህን ልበስ። እግዜር ያንተ ጣት አላነሰውም።»

ዘጠኜ ሳቀ። እውነቷን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ጠፉ። አለቃው ከመጋዙ ጀምረው ሰው በሰው እየዞሩ ተሰናበቱ። የመላጊያው ሽማግሌ አቅፎ አለቀሰ፤ «ሰጋቱራ ገባብኝ» አለ፤ ማንም አላመነውም። ቫርኒሹ ዘንድ ሲደርሱ አምስት ስድስት ሰው ተከትሏቸው ነበር። ዘጠኜ በሰው ፊት «መልካም መንገድ» ብቻ አለ። አለቃው ያቺን ጎዶሎ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ወጡ።

አማቻቸው በር ላይ ፒካፑን አስነሥቶ እየጠበቀ ነበር። የመሣሪያ ሣጥናቸውና ሠራተኛው የሠራላቸው ወንበር ከኋላ ተጭኗል፤ ሸራ የለውም፤ ሰማዩ ጠቁሯል። «አባባ፣ ዝናቡ ሊቀድመን ነው» አለ አማቹ። አለቃው ገብተው በሩን ዘጉ።

ዘጠኜ ብሩሹን ጥሎ ግቢውን አቋረጠ። መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር።

«አለቃ፣ ያን ቀን... ጣቴን... በርስዎ ጩኸት አልነበረም። መኪናውን ለማየት ዞር ብዬ ነበር። ቀድሜ ዞሬ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ዋሸሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

አለቃው አልደነገጡም። እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ትከሻው ላይ አኖሩ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ስትዞር አይቼ እኮ ነው የጮኽኩት። ላድንህ ነበር።»

ዘጠኜ በሁለት እጁ የበሩን ጠርዝ ያዘ።

«ይፍታህ፤ እኔንም ከዚያ በፊት ለጮኽኩት ሁሉ ይፍታኝ» አሉ። «ሚስትህን ሰላም በልልኝ።»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የመኪናው ጣራ ላይ ተሰሙ፤ አማቹ ማርሽ አስገባ። ዘጠኜ፣ ታዲያ ያን ቀን ሁሉም ወደ እርስዎ ሲያይ ለምን ዝም አሉ? ለምንስ ተንበረከኩልኝ? ብሎ ሊጠይቅ ሲል፣ ፒካፑ ከትከሻው ላይ እጃቸውን ይዞ ሸሸ። አለቃው ያቺኑ እጃቸውን በመስኮቱ እያወዛወዙ መታጠፊያው ላይ ተሰወሩ።