ደግሰው የሰረዘው መስመር

ደግሰው ላሊበላ ከቅዳሜ ገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት መዝሙር ቀድቷል። ግድግዳውን በፍራሽ ስፖንጅ ለብጦ፣ በሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርዶ ይሠራል። ልጅ ሳለ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጥቶ ከመሪጌታ የኔሰው ዜማ ሲማር፣ ያየው ሁሉ “ይህ የነገ መሪጌታ ነው” ይለው ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጉሮሮውን ታመመና ድምፁ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ የሰው ድምፅ አድማጭ ሆኖ ቀረ።

ጆሮው የሚያስቀና ነው፤ ሥራው ግን ዝርክርክ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ስማቸው “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ ሁለት”፣ “አሁንስ የመጨረሻ” ነው። ዘማሪ መጥቶ የአምናውን ሥራውን ሲጠይቀው ግማሽ ቀን ያስሳል። ድምፅ የሚያመጣጥነውም መዝሙሩ እየሄደ በእጁ ነው፤ ከበሮው ሲበረታ ዝቅ ያደርጋል፣ ዘማሪው ሲደክመው ከፍ ያደርጋል። እጁ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ባንቺዓለም የመጣችው አምና ነው። የገነተ ማርያም ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ የድምፅ ማቀናበሩን ለብቻዋ ለምዳ ነበር። ደግሰው ሥራው ስለበዛበት አብራው እንድትሠራ ተቀበላት። በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ሁሉ ዝርክርክ ለቃቅማ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ማኅደር ከፈተችለት፣ ስምና ቀን ጻፈችበት፣ ስክሪኑ ላይም የሰውን ድምፅ ቢጫ፣ ከበሮውን ቀይ፣ ጸናጽሉን አረንጓዴ ቀባችው።

“ደስ ይላል” አላት ደግሰው። ሆዱ ግን ደስ አላለውም። በገዛ ቤቱ ዕቃውን የት እንዳለ መጠየቅ ጀመረ።

በጥቅምት መሪጌታ የኔሰው ከተራራው ወርደው መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው እየከዳቸው ነበር።

“ሳልሞት ዜማዬን አስቀምጡልኝ” አሉ። “ተማሪው ከእኔ በኋላ የሚሰማው ይኑረው።”

ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ተቀዱ። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚለውን የሽማግሌ ድምፅ ከበሮው እየዋጠው ደግሰውን አስቸገረው። ሁለት ቀን ሙሉ ታገለ። አንዱን ሐረግ ሲያድን ሌላው ያመልጠዋል።

“ጋሼ፣ እኔ መስመር ላስምርለት?” አለች ባንቺዓለም።

ስክሪኑ ላይ ከመሪጌታ ድምፅ ሥር ቀጭን መስመር አወጣች። ድምፃቸው በደከመበት ሁሉ መስመሩን ወደ ላይ ትጎትተዋለች፣ በበረታበት ታወርደዋለች።

“አውቶሜሽን ይሉታል” አለችው። “አንዴ ካሳየነው ራሱ ያስታውሳል። መቶ ጊዜ ብናጫውተው እዚያው ቦታ ላይ ከፍ ያደርገዋል።”

አራት ቀን ፈጀባት። ዓርብ ለመሪጌታ አሰማቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሲያበቁ እንባቸው ወረደ። ተነሥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

“ልጄ፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አደረግሽኝ! እሱ ጆሮሽን ይጠብቅልሽ! እጅሽ አይንጠፍ!”

ደግሰው በር ላይ ቆሞ ሰማ። እሱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የስንቱን ሥራ ወስዶ አሰምቷቸዋል። የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “ደህና ነው”። እሷ በአራት ቀን እንባ አወጣች።

ቅዳሜ ባንቺዓለም ወላጆቿን ልትጠይቅ ገነተ ማርያም ሄደች። ደግሰው ስድስት ሰዓት ላይ መቅረጫ ክፍሉን ከፍቶ ገባ። ልየው ብቻ ብሎ ነበር። መስመሩን እየተከተለ አዳመጠ፤ ስሕተት ፈለገ፣ አላገኘም። ሁሉንም መስመር መረጠና ሰረዘው። ፋይሉንም እንደዚያው አስቀመጠው። ለአንድ አፍታ ደረቱ ቀለለው። ክፍሉን ቆልፎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሁለት መምህራን ይዘው መጡ። “ስሙት እንግዲህ” እያሉ አስቀመጧቸው። ባንቺዓለም ከፈተችው። ከበሮው ቤቱን ሞላው፤ የሽማግሌው ድምፅ ግን ከሥር ያቃስታል። የመሪጌታ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

“ለካስ ዓርብ ለት የዋሸኝ የገዛ ጆሮዬ ነው” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ሽማግሌ የወደደውን ይሰማል። አትቀየሙኝ፣ ይህን ያህል መንገድ በከንቱ አደከምኳችሁ።”

ደግሰው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። እሷን ሊያዋርድ ነበር ያሰበው፤ የተዋረዱት እሳቸው ሆኑ።

“የለም አባ፣ ጆሮዎ አልዋሸም” አለች ባንቺዓለም። መስመሩ እንደሌለ አይታለች። ማኅደሩን ከፈተች። የእያንዳንዱን ቀን ሥራ ለየብቻው ታስቀምጥ ነበርና የዓርቡን አወጣች። ድምፃቸው እንደገና ቤቱን ሞላው፣ እንግዶቹም “አቤት! አቤት!” አሉ። ደግሰው ስክሪኑን አየ፤ ከተበላሸው ፋይል ጎን “ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት” ይላል። እሷም አይታለች። ሌላ ሰው ሳያይ ቶሎ ዘጋችው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ “ቅዳሜ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነበር” አለችው።

“እኔ ነኝ።”

“ምን በደልኩዎት?”

“ምንም። አባ መረቁሽ።”

“እኔ ይቅር እላለሁ፤ ለእሳቸው ግን ይንገሯቸው” አለችው።

በነጋታው አሸተንን ወጣ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ሰሙት። ተናዘዘ።

“ቅናት የሚባለውን የዜማ ምልክት ሳስተምርህ ድምፅህን ወደ ላይ አንሣ ብዬህ ነበር” አሉ ሲጨርስ። “የሰው ሥራ ደምስስ አላልኩህም።”

“አባ፣ ለእኔ ሁልጊዜ ‘ደህና ነው’ ብቻ ለምን ይሉኝ ነበር?”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። “ያ ድምፅህ ሲሰበር የታመምኩት እኔ ነኝ። ካንተ በኋላ እንዳንተ ያለ አላስተማርኩም። የሰው ድምፅ ይዘህ በመጣህ ቁጥር ያንተ ትዝ ይለኛል፣ አፌ ይያዛል።”

ሲሰናበቱ ግንባሩን ሳሙት።

ባንቺዓለም እስከ ግንቦት አብራው ሠርታ የራሷን ክፍል ከፈተች። ከመሄዷ በፊት መስመር ማስመሩን አስተማረችው፤ እሱም ዜማው የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ለእሷ ማሳየቱን አልነፈጋት። ግራ ሲገባት ዛሬም ትደውልለታለች።

ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። በቀደም መናኸሪያ አንድ ሱቅ የእሷን ሥራ ከፍ አድርጎ ሲያጫውት ደግሰው ቆመ። ከሁሉ በፊት የፈለገው ስሕተት ነው፤ አገኘም። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ጸናጽሉ ትንሽ ጮኋል። ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ። እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለላት።

“ሦስተኛው ላይ ጸናጽሉን ዝቅ አድርጊው” አላት።

“እውነትዎን ነው ጋሼ” አለችው። “እኔ አልሰማሁትም ነበር።”