ለእኛ የተሞረደችው የጋሽ እንድሪስ መኪና

ቅዳሜ ጠዋት ወሎ ሰፈር ግቢያቸው ገብቶ ኮፈን ለከፈተ፣ ዘይት የነካ እጁን በዚያ ቧንቧ ለታጠበ ሁሉ ይህን መርዶ እጽፋለሁ። ጋሽ እንድሪስ ዐርብ ጎህ ሲቀድ ዐረፉ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላም ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ሰው ከቀብር ከተመለሰ በኋላ ነው። አፈር እንኳ ሳላለብሳቸው መቅረቴ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ጋሽ እንድሪስ የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ፈጅተው ጡረታ ሲወጡ ሁላችንም ጋራዥ ይከፍታሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ አልከፈቱም። ይልቅስ ግቢያቸውን እንደ እኔ ላለው ባለ ስፖርት መኪና ክፍት አደረጉት። መንግሥት በተለወጠ ማግስት አገር ለቀው የሚሄዱ የውጭ ሰዎች የተዋቸውን ባለ ሁለት በር መኪኖች ገዝተን ቦሌ መንገድ ላይ የምንንቀባረር ብዙ ነበርን። መኪናው አለ፤ መለዋወጫው የለም። ሶማሌ ተራን ብታስሰው የምታገኘው የጭነት መኪና ዕቃ ነው። ጋራዥ ብትወስዳት ደግሞ ስትሄድ በሞተር፣ ስትመለስ በገመድ ነበር።

የጋሽ እንድሪስ ሕግ አንድ ነው፤ የሰው መኪና በእጃቸው አይነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና በአፍ ይመሩሃል፤ የምትፈታውም የምትገጥመውም አንተ ነህ። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ቢይዙት ቶሎ ያልቅ ነበር» ብላቸው ሳቁብኝ። «ቶሎማ ያልቃል። አዋሽ በረሃ ላይ ስትቆምብህስ ማንን ልትጠራ ነው፣ እኔን?»

ቦሌ መንገድ ላይ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራው ማርታ የመጣች ዕለት አይረሳኝም። «ጋሼ፣ አልፈጥን አለችኝ» አለቻቸው።

«መቆሙስ ላይ እንዴት ናት?»

«ፍሬኑ ትንሽ ወደ ጎን ይስባል።»

«እህ! በይ ጎማውን ፍቺ። መቆም የማታውቅ መኪና መሮጥ ምን ያደርግላታል?»

ማርታ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ነበር። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ከቤት ወጥተው የራሳቸውን ነጠላ ጫማ እግሯ ሥር አኖሩላት፤ ሽርጥም አስታጠቋት። እስከ ምሳ ድረስ ፍሬኑን ፈትታ አጽድታ ገጠመችው። ከዚያ ወዲያ ያቺ ልጅ መኪናዋን ለሌላ ሰው አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም።

ምክራቸው ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ብሎን እምቢ ሲልህ አትታገለው፤ ዘይት አጠጣውና ምሳህን በልተህ ተመለስ።» «የፈታኸውን በፈታህበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድር። ስትገጥም ከመኪናዋ ጋር አትጣላም።» «የጋለ ራዲያተር የሚከፍት ሰው ፊቱን ጠልቷል ማለት ነው።» ይህን የመጨረሻውን የሚሉት እየሳቁ ነበር፤ ክዳኑን ለመክፈት የሚንደረደር ሲያዩ ግን እንደ አባት ይቆጡ ነበር።

የራሳቸው መኪና ግቢው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ የጣሊያን ሥሪት ናት። እትዬ ዘሀራን ከኮምቦልቻ በሙሽርነት ያመጧቸው በእሷ ነው። ካምቢዮዋ ተሰብሮ፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ተብላ እዚያው ቀረች። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የሰሎሞን ካርቡራተር ተሰነጠቀ። ሰሎሞን ሆቴል የሚያስተዳድር ጓደኛችን ነው፤ የመለዋወጫ ፍለጋው ሰልችቶት መኪናዋን ሊሸጣት ቆርጦ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሄደው ሸራውን ገለጡና «ና፣ ከዚህ ፍታ» አሉት።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ?»

«ቆማ ከምትውል የምትሄደውን ትርዳ። የእኔዋ መነሻዋ ሲደርስ ትመልስልኛለህ።»

ከዚያ ማርታ ዲናሞውን ወሰደች። እኔ የውሃ ፓምፑን። ሌሎችም ሌላ ሌላውን። መኪኖቻችን የተለያየ ሥሪት ስለነበሩ ዕቃው እንዳለ አይገጥምም፤ ስለዚህ በሞረድ እንሞርደው፣ ቀዳዳውንም እናሰፋው ነበር። ጋሽ እንድሪስ አጠገባችን ቆመው «ቀስ! እዚህ ጋ ትንሽ ጨምር፤ በቃ፣ በቃ» ይሉናል። እትዬ ዘሀራም ሻይ ይዘው ሲመጡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቋቸዋል። «ኧረ እንድሪስ፣ የእኛዋስ መቼ ነው የምትነሳው?» መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። «ለዒድ፣ ኢንሻአላህ።» ስንት ዒድ አለፈ!

ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ እትዬ ዘሀራ ኢዳ ላይ ነበሩ፤ ባል የሞተባት ሴት የሐዘን ጊዜዋን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም። በመስኮት በኩል አነጋገሩን። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጆቼ፣ ከእናንተ ሌላ ምንም አልፈልግም። የዚያችን መኪና ድምፅ አንዴ ብቻ አሰሙኝ። መሄዱ ይቅርባት፤ እዚያው ቆማ ትነሳ። ድምጿን ስሰማ ከሥራ የገባ ይመስለኛል።»

ምን ችግር አለው አልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዳችን የወሰድነውን ፈትተን ይዘን መጣን፤ በጨርቅ ላይ ደረደርን። ሰሎሞን ካርቡራተሩን አስቀመጠው። አልተቀመጠም፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። የእኔ ፓምፕ ጎኑ ተበልቷል፤ በየት በኩል ውሃ ይያዝ? በላስቲክ ደገፍን፣ በቆርቆሮ ሸበብን፣ በሽቦ አሠርን። ባትሪ አስገብተን ቁልፉን ስናዞር ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ቤንዚኑ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ደጋግመን ሞከርን። እሳት እንዳናስነሳ ፈርተን ተውነው። የተሞረደ ብረት መልሶ አይበቅልም። ማርታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ታለቅስ ነበር።

እትዬ ዘሀራ መስኮቱ ላይ ቆመው ሁሉንም ያዩ ነበር። «ምነው እምቢ አለች?» አሉ።

ሰሎሞን አቀርቅሮ መለሰላቸው። «እትዬ፣ ዕቃዎቹ ለእኛ መኪና ተሞርደዋል። ከእንግዲህ እሷ ላይ አይገጥሙም።»

«መቼ ነው የተሞረዱት?»

«ያኔ፣ ስንወስዳቸው።»

«እሱ እያየ?»

ሰሎሞን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እትዬ ዘሀራ «ታዲያ ለዒድ፣ ለዒድ የሚለኝ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። መስኮቱን ዘጉት።

ጋሽ እንድሪስ፣ የመጀመሪያው ሞረድ ካርቡራተሩ ላይ ሲያርፍ መኪናዎ እንዳከተመላት ያውቁ ነበር። ከእርስዎ በላይ ማን ሊያውቅ! አንድ ቃል ቢተነፍሱ ሞረዱን ጥለን እንሄድ ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ያልተነፈሱት። ልቆጣዎት ፈልጌ ነበር፤ አቅም አጣሁ። ምስጋና ልጽፍልዎ ብዕር አነሳሁ፤ እሱም አልወጣልኝ አለ። ደግነትዎ ለሁላችንም ደረሰ፣ ለእትዬ ዘሀራ ብቻ ሳይደርስ ቀረ። አሁን እሳቸውን የምናጽናናበት ምንም የለንም። ያስተማሩንን ሁሉ ሞክረን ጨርሰናል።

አላህ ይዘንልዎ፣ ጋሼ። እትዬ ዘሀራ ስለ መኪናዋ ዳግመኛ አልጠየቁንም።